ጥራጊ ደሞዝ በነበረ ጊዜ

ከኮምባይነር ያወረደኝ ዓይኔ አይደለም። ዓይኔ ድሮም ደካማ ነበር፤ የጠየቀኝ ሰው ስላልነበረ ነው እንጂ። ያወረደኝ መሰላሉ ነው። መሰላሉን ስወጣ መጀመሪያ ጉልበቴ ተቃወመ፣ ቀጥሎ ወገቤ፣ በመጨረሻ ሚስቴ፤ የሦስቱ ድምፅ ሲደመር ተሸነፍኩ። አሁን አሰላ ውስጥ ደጄ ላይ ወንበር አውጥቼ እቀመጥና ባጃጅና የፈረስ ጋሪ መንገድ ሲሻሙ እዳኛለሁ። ፍርዴን ተቀብሎ የሄደ ግን እስከ ዛሬ አላየሁም፣ ፈረሱም ጭምር።

ልጄ መምህርት ናት። “አባዬ፣ ይሄን የኮምባይነር ወሬህን ለምን አትጽፈውም? ከተጻፈ ቢያንስ ሲበዛብን እንከድነዋለን” አለችኝ። ከእሷ ይልቅ ለመጻፍ ያነሳሳኝ ግን የጎረቤቴ ልጅ ነው። ትምህርቱን ጨርሶ አንድ ሱቅ ሥራ አገኘ። “ደሞዙ እንዴት ነው?” ስለው “መጀመሪያ ልመድ ተብያለሁ ጋሼ፤ ደሞዙ በኋላ ይመጣል” አለኝ። ቀኑን ሙሉ ካርቶን ሲሸከም አየዋለሁ። ካርቶን መሸከም ለመልመድ ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅ ልጠይቀው አፌን ስከፍት የኮምባይነር ታሪክ ወጣኝ፤ ልጁም ሥራ አለብኝ ብሎ አመለጠ። እንግዲህ ያመለጠው ይኸው።

ሥራ የጀመርኩት በታችኛው ሜዳ በመንግሥት እርሻ ነው። የመጀመሪያ ሥራዬ ኮምባይነር ማጠብ ነበር። ሲቀጥሩኝ “ማሽን ታውቃለህ?” አሉኝ፤ “አውቃለሁ” አልኩ። አልዋሸሁም፣ ከሩቅ አውቀው ነበር። ከዚያ ረዳት ሆንኩ። ረዳት ማለት ማሽኑ ሲቆም የሚሠራ፣ ማሽኑ ሲሠራ ደግሞ የሚሮጥ ሰው ነው። ወንፊቱን ያራግፋል፣ ቅባት ይቀባል፣ ታንኩ ሲሞላ ስንዴውን በቱቦ ሸራ ላይ ያስወርዳል፣ ሲያልቅ ለኦፕሬተሩ በእጁ ምልክት ያሳያል። ታንክ ስል የጦርነቱን አይደለም፤ ኮምባይነሩ ጀርባ ላይ የተወቃው እህል የሚጠራቀምበትን ትልቅ ሣጥን ነው።

የተመደብኩት ጋሽ ዘርጋው የሚባሉ ኦፕሬተር ጋ ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ ንግግር የሚቆጥቡ ሰው ነበሩ። አንድ ባርኔጣ ነበራቸው፤ ድሮ ምን ዓይነት ቀለም እንደነበረው የሚያስታውስ ሰው በእርሻው ውስጥ አልተገኘም። ባርኔጣው ለፀሐይ አልነበረም። ማሽኑን ለሌላ ሰው ይሰጡና ወርደው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው ገለባ በሚወድቅበት መስመር ላይ አፉን ወደ ላይ አድርገው ያስቀምጡታል። ማሽኑ ሲያልፍ ከገለባው ሥር ያወጡታል፣ እብቁን እፍ ይሉታል፣ ባርኔጣው ውስጥ የቀረውን ፍሬ ያያሉ። ጥቂት ከሆነ ባርኔጣቸውን አራግፈው ይደፋሉ። ከበዛ ማሽኑን ያስቆሙታል። “ይሄ ማሽን አጨዳውን ትቶ መዝራት ጀምሯል” ይሉና ነፋሱንና ወንፊቱን እንደገና ያስተካክላሉ። ያን ጊዜ ሌላው ኦፕሬተር በሄክታር ይሮጥ ነበር፤ እሳቸው ግን በባርኔጣ ይለኩ ነበር።

ሁለተኛ ልማዳቸው እኔን የሚያናድደኝ ነበር። ከአንድ ማሳ ወደ ሌላ ስንዛወር ከታንኩ ሥር ያለችውን ክዳን ከፍተው ክንዳቸውን እስከ ትከሻቸው ያስገባሉ። ታንኩ ቢጠረግም በታች ማዕዘኑ ላይና ከማውረጃው ጠመዝማዛ ብረት ሥር ሁልጊዜ የሚቀር እህል አለ። “ጠርጌዋለሁ” እላለሁ፤ ያስገባሉ። አንድ ቀን ተቀየምኩና “ጋሽ ዘርጋው፣ አያምኑኝም እንዴ?” አልኳቸው።

“እኔ አምኜሃለሁ” አሉኝ። “ክንዴ ነው ያላመነህ።”

ክንዳቸው ያን ቀን እፍኝ ገብስ ይዞ ወጣ። ሁለተኛ አልተቀየምኩም።

ምሳ ላይ ደግሞ ረዳቱ እጁን ታጥቦ ሳይቀርብ እሳቸው አይቆርሱም። የደሞዝ ቀን ሰልፉ መጨረሻ ላይ ይቆማሉ። ኦፕሬተር ናቸው፣ ፊት ቢቆሙ የሚቆጣ የለም። ለምን ብዬ ስጠይቃቸው “ገንዘቡ ካጠረ እኔ ላይ ይጠር። እኔ ሱቅ ሄጄ ዱቤ እጠይቃለሁ። አንተን ማን ያውቅሃል?” አሉኝ። የረዳት ደሞዝ ትንሽ ነበር፤ ደሞዝ የማይባል ትንሽ። ግን በስሜ ይመጣ ነበር፣ በቀኑ። ፊርማዬን የተለማመድኩት በዚያ ደሞዝ ነው፤ በኋላ ላይ እንኳ እንደዚያ አሳምሬ ፈርሜ አላውቅም፣ የጋብቻዬን ጨምሮ።

እኔም በተራዬ መሪ ያዝኩ። ብቻዬን በነዳሁበት በመጀመሪያው መኸር ዲክሲስ አካባቢ ቁልቁል ስወርድ ኮምባይነሩን ቦይ ውስጥ ከተትኩት። መጎተቻ ትራክተር እስኪመጣ ድረስ እዚያው ቆየሁ። ወደ ገበያ የሚያልፈው ሰው እንደ አዲስ ጎረቤት ሰላም ይለኝ ጀመር። አንዱ አህያውን ማሽኔ ጥላ ሥር አስሮ “ስመለስ እወስዳታለሁ፣ መቼም አንተ የትም አትሄድ” ብሎኝ ሄደ። ልክ ነበር፤ ሲመለስ አህያዋም እኔም እዚያው ነበርን።

የመንግሥት እርሻው ሲበተን ለግል ባለ ማሽኖች መሥራት ጀመርኩ። የእኛ ሥራ ዓመቱን የሚከተለው ከታች ወደ ላይ ነው። ቆላው ቀድሞ ይደርሳል፤ ከዴራ ሜዳ እንነሳና በኢተያ አድርገን፣ የአሰላን ዙሪያ አጭደን፣ ወደ ዲክሲስ እንወጣለን፤ ደጋው ሲደርስ ጎበሳ እንገኛለን። ብዙ አሠሪ አይቻለሁ። አንዱ ነዳጁን ጠዋት ማታ በእንጨት ይለካ ነበር፤ እንጨቱን ራሱን ሰው እንዳይሰርቀው ይዞት ያድራል። አንዱ ደግሞ አጠገቤ ተቀምጦ “ቀስ፣ ቀስ” ይለኝና ቀስ ስል “ምነው ተኛህ?” ይለኛል።

ረጅሙን ጊዜ የሠራሁት አሰላ ሱቅ ካለው ከአቶ ደምሴ ጋር ነው። ክፉ ሰው አልነበረም። የእኔን በኩንታል ያስብና ሳያጓድል ይሰጠኝ ነበር። ለረዳት ግን ምንም አይከፍልም። እሱ ብቻ አይደለም፤ በዚያ ሁሉ ደጋ የሚዞር ባለ ማሽን አይከፍልም ነበር። የረዳት ደሞዝ ጥራጊ ነው ይባላል። የገበሬው እህል ወርዶ ሲያልቅ ታንኩ ውስጥ የቀረውን ረዳቱ ይጠርግና በጆንያው ይይዛል፤ ያንን ሸጦ ይኖራል። “እየተማረ አይደል? ማስተማሪያ እኔ ልጠይቀው ይገባ ነበር” ይል ነበር ደምሴ።

ይሄ ልማድ ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ አንድ መኸር ይበቃል። ጥራጊው ደሞዝህ ከሆነ ጥራጊው እንዲበዛ ትፈልጋለህ። እህሉ ሳያልቅ “አለቀ” የሚለው ምልክት ቀደም ብሎ ይመጣል። ገበሬውም ይሄን ያውቃል፤ ስለዚህ ማሽኑ ሥር ይቆምና ረዳቱን እንደ ሌባ ይጠብቀዋል። በምርቃት ያልቅ የነበረው አጨዳ በንትርክ ያልቃል። እኔ በዚያን ሰዓት ወንበሬ ላይ ሆኜ ጭላሎን እመለከታለሁ። ተራራው ዕድሜ ልኬን እዚያው ነበር፤ ገበሬና ረዳት ሲጨቃጨቁ ግን ዛሬ የመጣ ያህል ትኩር ብዬ አየዋለሁ።

ቶላ የመጣው በዚህ ጊዜ ነው። የጎበሳ ልጅ ነው፤ ትዳር ይዞ፣ ገና ልጅ ወልዶ ነበር። እኛ ጋ ሳይመጣ ገበያ ላይ ተሸካሚ ነበር። ከማሽኑ ጋር በኦሮምኛ ያወራል። መጀመሪያ ሳቅኩበት፤ በኋላ ግን ማሽኑ እንደሚመልስለት ገባኝ። ቀበቶ ሲላላ፣ ወንፊት ሲታፈን፣ ገና እኔ ሳልሰማ እሱ እጁን ያነሳል። ከእኔ የተሻለ ጆሮ ነበረው። ይሄን ግን አልነገርኩትም፤ ጭማሪ ይጠይቅ ይሆናል ብዬ። ደሞዝ የሌለው ሰው ምን ላይ ጭማሪ እንደሚጠይቅ አላሰብኩበትም።

አሁን ወደ ከባዱ ቀን ልምጣ።

ከዲክሲስ በታች የአንድ ሽማግሌ ገብስ አጨድን። ሽማግሌው የረዳትን ልማድ ጠንቅቀው ያውቃሉ፤ በርጩማቸውን አምጥተው ታንኩ ክዳን ሥር ተቀመጡ። እህሉ ወርዶ ሲያልቅም አልተነሱም። “ውጣና ጥረግ፣ ግን የምትጠርገው ወደ እኔ ጆንያ ነው” አሉት ቶላን። ቶላ ላዩን ጠረገላቸው። ከጠመዝማዛው ሥር የቀረውን ግን ክዳኑን ዘጋበትና ዝም አለ፤ እሳቸው ሲሄዱ ሊያወጣው ነው። እሳቸው ሳይሄዱ ደመና መጣ። ወደሚቀጥለው ማሳ ቶሎ መድረስ ነበረብን፤ የሚቀጥለው ደግሞ የአዴ ዘይነባ ነው።

አዴ ዘይነባ ባሏ ከሞተ በኋላ ማሳውን ብቻዋን የያዘች ሴት ናት። የምታመርተው ለወፍጮ ሳይሆን ለዘር ነው፤ የአካባቢው ዘር አባዥ ገበሬዎችም ሰብሳቢያቸው አድርገዋታል። የገበሬ ማኅበራቱ ዩኒየን የዘር ስንዴ የሚወስደው ንጹህ ከሆነ ብቻ ነው። ከሌላ እህል ጋር የተቀላቀለ ከሆነ ተራ ስንዴ ይሆናል፤ ዋጋውም፣ የገበሬው ስምም ይወርዳል። እሷ ማሳዋን ከአረም እየለየች፣ ባዕድ ዛላ በእጇ እየነቀለች ነበር ያደረሰችው። ወደ ዘር ማሳ ከመግባቱ በፊት ማሽን አንዲት ፍሬ እስከማይቀርበት መጽዳት አለበት።

“ቶላ፣ ጠርገሃል?” አልኩት።

“ጠርጌያለሁ፣ ጋሽ ሞላ” አለ። ቀና ብሎ አላየኝም።

እዚህ ጋ ክንዴን ማስገባት ነበረብኝ። ክዳኗ ያለችው ዝቅ ብላ ነው፤ ጎንበስ ማለት ይጠይቃል፣ በእነዚያ ዓመታት ደግሞ ሆዴና ጎንበስ ማለት ተኳርፈው ነበር። ደመናውን አየሁ፣ ክዳኗን አየሁ፣ ወደ ወንበሬ ወጣሁ።

የመጀመሪያው ታንክ ሸራው ላይ ወረደ፤ ሁለተኛውም በላዩ ላይ። አዴ ዘይነባ እንደ ልማዷ እጇን ክምሩ ውስጥ ሰደደች፣ መዳፏ ላይ ዘረጋችና ቆመች። ከዚያ ማሽኑ ፊት መጥታ እጇን አነሳች። ሞተሩን አጠፋሁ።

“ኦቦ ሞላ፣ ይምጡና ይዩልኝ። ዓይኔ ነው ወይስ ገብስ ነው?”

ወርጄ አየሁ። ዓይኗ አልነበረም።

ሌላ ቦታ እጇን ሰደደች፤ እዚያም አለ። ክምሩ አንድ ነው፣ ተደባልቋል፤ ፍሬ በፍሬ ካልተለቀመ የሚለይ አይደለም። አልጮኸችም። ሸራው ጠርዝ ላይ ቁጢጥ አለችና መዳፏን ደጋግማ ታራግፍ ጀመር። በሥራ ዘመኔ ብዙ ሰው ጮኾብኛል፤ እንደዚያ ዝምታ ያሳፈረኝ ግን የለም። ማሽኑ በእጄ ነበር። ጋሽ ዘርጋው ያስተማሩኝን አንዲት ነገር፣ ያቺኑ ጎንበስ ማለት፣ ነበር የሚፈልገው።

ደምሴ ዲክሲስ ከተማ ውስጥ ከደላላ ጋር ሻይ ላይ ነበርና ስንደውልለት ወዲያው ደረሰ። ክምሩን አየ፣ እኔን አየ፣ ቶላን አየ። ቶላ ራሱ ተናገረ። ከጠመዝማዛው ሥር የደበቀው ገብስ መሆኑን፣ እዚህ ስንደርስ ሳንጀምር ሊያወጣው አስቦ እንደነበር፣ እኔ ቶሎ ሳስነሳ ደግሞ “አለ” ማለት “ደብቄያለሁ” ማለት ስለሆነበት ዝም እንዳለ።

“ሌባ” አለ ደምሴ። “ልብስህን ያዝና ከማሽኔ ላይ ውረድ። በዚህ ደጋ ሁለተኛ ማሽን ላይ እንዳትወጣ አደርግሃለሁ።”

ቶላ ኮቱን ከመሰላሉ ላይ አነሳ። ደምሴ የተናገረውን እንደሚያደርግ ሁላችንም እናውቃለን፤ ባለ ማሽኖቹ ይተዋወቃሉ። ቶላ ከዚያ ሥራ ከወጣ ተመልሶ ገበያ ላይ ሸክም ነው።

“ቆይ” አለች አዴ ዘይነባ ከተቀመጠችበት ሳትነሳ። “ልጁን ስንት ነው የምትከፍለው?”

“ረዳት ደሞዝ የለውም፣ አዴ። ጥራጊ ነው የሚወስደው። ልማድ ነው።”

“የማንን ጥራጊ?”

ደምሴ ዞር ብሎ ማሽኑን አየ።

“የማንን እህል ነው የሚጠርገው? ያንተን ነው?”

“ያው… የገበሬውን ነው።”

“እንግዲያው ቀጣሪው እኔ ነኛ” አለች። “እኔ ከስንዴዬ የምከፍለውን ሰው አንተ ምን አግብቶህ ታባርራለህ?”

ደምሴ ወደ እኔ ዞረ፤ የሚያግዘው ሰው መፈለጉ ነው። እኔም በዚያች ሰዓት ጭላሎን ማየት አማረኝ፤ ግን ደመና ሸፍኖት ነበር።

“ደምሴ” አልኩት፣ “ይሄን ማሽን አንጀቱ ድረስ ማጽዳት የሚችለው ቶላ ነው። እሱ ከወረደ እኔም አልወጣም።”

“አንተም አመፅክ ሞላ? በስተርጅና?”

“ዓመፅ እንኳ አይደለም። ያለ እሱ መሰላሉን መውጣትም አይሆንልኝ፤ ከኋላ የሚገፋኝ እሱ ነው። እኔ ረዳት ሆኜ በጀመርኩበት እርሻ ኦፕሬተሩ ደሞዝ የሚቀበለው ከረዳቱ በኋላ ነበር። እኔ አንድም ቀን እንደዚያ አላደረግሁም፤ ደሞዝ ሳይኖረው ከኋላው ተሰልፌ ምን ልጠብቅ?”

“ለአንዱ ረዳት ከከፈልኩ ሌሎቹ ባለ ማሽኖች ምን ይሉኛል?”

“እሱን ለእኔ ተወው” አለች አዴ ዘይነባ። “ቀሪው ማሳዬ እንዲታጨድ እፈልጋለሁ፤ ዝናቡን አንተም ታየዋለህ። ግን ደሞዝ የሌለው ሰው ያጸዳው ማሽን ዘሬ ውስጥ አይገባም። ልጁን አንተ ትከፍላለህ፣ ጥራጊው ወደ እኔ ይመለሳል። እምቢ ካልክ ሌላ ማሽን እጠራለሁ፣ ለጎረቤቶቼም ለምን እንደጠራሁ እነግራቸዋለሁ።”

ሌላ ማሽን እስኪመጣ ቆሞ የቀረው ስንዴ ዝናብ ሊመታው ይችላል። ዝናብ ከመታው በዛላው ላይ ይበቅላል፣ ዘር መሆኑም ያበቃል። ይሄን ከእኛ ሁሉ አብልጣ ታውቃለች። አውቃ ነው ከሸራው ላይ ያልተነሳችው።

ደምሴ ስልኩን አውጥቶ ጆሮው ላይ አደረገና ወዲያ ወዲህ አለ። ስልኩ እንዳልጠራ፣ እሱም እንዳልደወለ ሁላችንም አየን፤ ተውነው። ሰው ሲሸነፍ ትንሽ የሚዞርበት ቦታ ያስፈልገዋል። ተመልሶ መጣና “ስንት?” አለ።

ሁላችንም ቶላን አየነው። ቶላ ዋጋውን ተጠይቆ አያውቅም። ወደ እኔ ዞረ። እኔም “እዚህ የቀን ሠራተኛ የሚያገኘውን፣ በላዩ ላይ ትንሽ ጨምርበት” አልኩ። ደምሴም እሺ አለ። በጣም ቶሎ እሺ አለ፤ ያን ጊዜ መንቃት ነበረብኝ።

ከዚያ ጽዳት ተጀመረ። እንደዚያ ዓይነት ጽዳት ከዚያ በፊትም በኋላም አላየሁም። ቶላ ወንፊቶቹን አውጥቶ በመጥረጊያ መታ። ከእህሉ ጋር የሚገባ ድንጋይ የሚቀርበትን ሣጥን ከፈተ። እህል ወደ ታንክ የሚያወጣውን ረጅም ሣጥን ከላይ እስከ ታች በእንጨት እያንኳኳ ጆሮውን ደግኖ ሰማ፤ ድምፁ የታፈነበት ቦታ ላይ ክዳኑን ፈታና እፍኝ የማይሞላ ገብስ አወጣ። ሞተሩን አስነስተን ባዶውን አሽከረከርነው፤ አጥፍተን እንደገና ጠረግን። ሲጨርስ “ጋሽ ሞላ፣ ክንድዎን ያስገቡ” አለኝ።

ጎንበስ አልኩ። ክንዴ ገባ፤ ትከሻዬም ገባ። ምንም አላገኘሁም። ልወጣ ስል ግን ካፖርቴ ክዳኗ ላይ ተያዘና እዚያው ቀረሁ። ቶላና ደምሴ በሁለት በኩል ይዘው ጎተቱኝ። እነዚያ ሁለት ሰዎች ተስማምተው የሠሩት የመጀመሪያ ሥራ እኔን ከኮምባይነር ሆድ ማውጣት ነው። አዴ ዘይነባ ያን ጊዜ ሳቀች፤ ከቀትር ጀምሮ የመጀመሪያዋ ነበር።

ስንዴውን ስንጀምር የመጀመሪያውን ጆንያ ለብቻ አስቀመጥነው፤ ተደብቆ የቀረ ፍሬ ካለ እሱ ጠርጎ ይውጣ ብለን ነው። ቀሪውን ማሳ በማግስቱ ዝናቡ ሳይወርድ ጨረስን። የዩኒየኑ ናሙና ወሳጅ መጥቶ አየና አለፈላት። የተበላሸው ክምር ለምግብ ተሸጠ፤ የጎደለባትን ደምሴና እኔ ተካፍለን ሞላንላት። ስለ እሱ ብዙ አልጽፍም፣ ሚስቴ ታነበዋለች። ግን የዘር ስንዴ እንደ ዘር አለመዘራቱን የሚክስ ነገር የለም። አዴ ዘይነባ ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ስንገናኝ ሰላምታዋ አንድ ነው፤ “ኦቦ ሞላ፣ ክንድዎ ደህና ነው?” ትለኛለች።

“ደህና ነው፣ አዴ። በየቀኑ እያስጎነበስኩት ነው።”

ጎበሳ ላይ የሆነውን ሳልነግራችሁ አላልፍም። የአንድ ገበሬ ማሳ ጨረስንና ቶላ ጥራጊውን በጆንያ አድርጎ ወስዶ እግሩ ሥር አስቀመጠለት። ገበሬው ጆንያውን አየ፣ ቶላን አየ፣ ወደ እኔ መጣ።

“ምን አጥፍታችሁ ነው?” አለኝ በሹክሹክታ።

“ምንም አላጠፋንም፤ የራስህ እህል ነው።”

“የሰበራችሁት ነገር ካለ ብትነግሩኝ ይሻላል፤ አልቆጣም” አለና በሬዎቹን ሊያይ ሄደ።

ሰው እስኪለምደው ጊዜ ወሰደ። በኋላ ግን ገበሬው ጥራጊ የሚመልሰውን ማሽን እየጠየቀ ይመጣ ጀመር። አጨዳውም እንደ ድሮው በምርቃት ማለቅ ጀመረ። ደምሴ አሰላ ሱቁ ውስጥ ተቀምጦ “እኔ ሠራተኛዬን በሰው እህል አላሠራም” ሲል ስሰማው ሻዬ ትን አለኝ። ተውኩት። ሐሳቡን የእሱ ካደረገው እንደማይተወው አውቃለሁ። ሁሉም ባለ ማሽን ተከተለው ብል እዋሻለሁ፤ ዛሬም በጥራጊ የሚያሠራ አለ። የደምሴ ማሽን ላይ ግን ከዚያ ቀን በኋላ ያለ ደሞዝ መሰላል የወጣ ረዳት የለም። በሥራ ዘመኔ ስንት ኩንታል እንዳጨድኩ አላውቅም፤ ይሄን ግን አውቃለሁ።

ዓመታት አለፉ። ወገቤ ቀኑን ሙሉ መሪ ላይ መቀመጥ እምቢ አለና መሪውን ለቶላ ለቀቅኩለት። ቤት መቀመጡ ግን አልሆነልኝም። ደምሴን “አንድ መኸር ቀላል ሥራ ስጠኝ” አልኩት።

“ቀላል ሥራ የለኝም። ረዳት ነው የጎደለኝ” አለኝና ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። እንዲህ ሆኖ በጀመርኩበት ልጨርስ ብዬ በቶላ ማሽን ላይ ረዳት ሆንኩ።

የመጀመሪያውን ደሞዜን ስቀበል ደነገጥኩ። ዓመት በዓመት ትንሽ ትንሽ ተጨምሮበት እንኳ ማነሱ። ለካ ያን ቀን ለቶላ ስከራከር ለራሴ ነበር የምከራከረው፤ ባውቅ ኖሮ ደህና አድርጌ እጠራው ነበር። ቶላን “ይሄን ደሞዝ የተመነው ደደብ ማነው?” አልኩት።

“አንድ ሽማግሌ ነበር” አለኝ። “ደመና መጥቶበት ነበር፣ ቸኩሎ ይሆናል።”

ቶላ የደሞዝ ቀን ከኋላዬ ይቆም ነበር። አላስተማርኩትም፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለሌላ ሰው ስናገር ሰምቶኛል። መኸሩ ሲያልቅ ወደ ደምሴ ሱቅ ይዞኝ ገባና “ለረዳቴ ይጨመርለት” አለ።

“ለዚህ ሽማግሌ? መሰላሉን ወጥቶ እስኪወርድ ዝናብ ይደርሳል።”

“ቀስ ይላል። ግን ታንኩን ንጹህ ያወጣል። ክንዴን አስገብቼ ባዶ ያላገኘሁበት ቀን የለም። የመጀመሪያው ዋጋ ትንሽ ነበር፤ እኔ መጥራት ስላልቻልኩ ነው። አሁን ግን እጠራለሁ።”

ጠራም። ደምሴ ስልኩን ሊያወጣ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ፤ ሁለታችንም ስናየው መልሶ አወጣውና እሺ አለ። ኦፕሬተር በነበርኩ ጊዜ ብዙ ጭማሪ አግኝቻለሁ፤ ይሄኛውን ግን ይዤ ወደ ቤት ስሄድ የጋሪ ፈረስ ጡሩምባ ቢነፋብኝ አልሰማም ነበር።

እንግዲህ ይሄኔ ነው መሰላሉ አሸንፎኝ ከሥራ የወጣሁት። ውረድ ስትለኝ የኖረችው ሚስቴ እንኳ “ደሞዝ በተጨመረ ማግስት ማን ሥራ ይለቃል?” አለችኝ። እኔም ቦታውን ከነጭማሪው ለሚመጣው ሰው መተው አማረኝ አልኳት። የመጣችው ሀዊ የምትባል ልጅ ናት፤ ትምህርቷን ጨርሳ ሥራ ስትፈልግ የነበረች። ቶላ አንድ ቀን ማሽኑን እንዳሳያት ጠራኝ። የቅባቱን ቦታ፣ ወንፊቱን፣ የታችኛዋን ክዳን አሳየኋት። አንድ ጊዜ ነግሬያት ሁሉንም መልሳ ነገረችኝ፤ ሁለቱን እኔ ራሴ ረስቼያቸው ነበር። ከዚያ መሰላሉ ላይ አንድ እግሯን አድርጋ ቆም አለችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችኝ።

“ጋሼ፣ እስክለምድ ድረስ እንዴት ነው? ደሞዙ የሚጀምረው ከመቼ ነው?”

“ሁለተኛዋን እግርሽን ስታነሺ” አልኳት።

ወጣች።